ለሁለት ዘፈን አንድ ቁጥር የሰጠሁበት ሳምንት

ይህን ታሪክ አልጽፍም ብዬ ነበር። ነገር ግን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም፤ ሌላው እየቀባባ ከሚያወራው ያደረግሁት እኔው ብናገረው ይሻላል። ባለፈው ባጃጅ ተሳፍሬ ሾፌሩ የራሴን ጉድ ለራሴ ተረከልኝ። እሱ እንደሚለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሥር ሰው ተነስቶ ጨፍሯል። ውሸት ነው። ማንም አልጨፈረም። እግሩን ያንቀሳቀሰ ግን አለ፤ እሱን ቦታው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ታደለች እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ታዱ ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። መጀመሪያ ካሴት እሸጥባት ነበር። ካሴት ሲሞት ሲዲ፣ ሲዲ ሲሞት ደግሞ ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ጀመርኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዬ ስልኬ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው ያገኘሁት። ብቻውን የተማረ ሰው ግን አንድ ችግር አለበት። ሲሳሳት «ተው» የሚለው የለም። ግማሽ ገጽ አንብቤ ሙሉውን የጨረስኩ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። ሰውም ደግሞ «ታዱ ታውቃለች» እያለ አበላሸኝ።

ዘፈንን በኢንተርኔት ወደ ሙዚቃ አፖች የሚያደርስ አንድ የውጭ አከፋፋይ ድርጅት አገኘሁና ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ አሸናፊ ነበር። አሸናፊ የአረካ ልጅ ነው፣ የሠርግ ዘፋኝ፤ እሱ ካልዘፈነ ሙሽራ የሚያኮርፍበት ሰው ነው። ቅጹን ሞላሁለት፣ ዘፈኑ ወጣ፣ ድርጅቱም ሁለት ነገር ላከልኝ። አንደኛው ባርኮድ ነው፤ የዘይት ጠርሙስ ላይ እንደምታዩት ጥቁር ሰረዝ፣ ከሥሩ ቁጥር። እሱ የዕቃው ነው፤ አልበም ከሆነ የአልበሙ፣ ነጠላ ዘፈን ከሆነ የነጠላው። ሁለተኛው ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ ሲቆጠር አሥራ ሁለት የሚሞላ ኮድ ነው። ከአጠገቡ በእንግሊዝኛ «ይህን ኮድ በጥንቃቄ ያዙት፤ ፈጽሞ አትቀይሩት» ይላል።

እኔ ታዲያ ምን ገባኝ መሰላችሁ? የቀበሌ የቤት ቁጥር! ቤት ውስጥ ማንም ይግባ ማንም ይውጣ፣ በሩ ላይ የተመታው ቆርቆሮ አይቀየርም አይደል? ኮዱ የሱቄ ነው አልኩ። በትልቁ አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ከንግድ ፈቃዴ ጎን ሰቀልኩት። ደንበኛ ሲገባ ወደዚያ ቀና እንዲል ወንበሩን ሁሉ አዞርኩለት።

ሁለተኛዋ ደንበኛዬ እማማ ባሎቴ ናቸው። የዲምቱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ልጃቸው ጋ ሶዶ ነው የሚኖሩት። በወላይትኛ ያወጡት አንድ መዝሙር አለ። ሶዶ በሉት ቤሌ፣ አረካ በሉት ዲምቱ፣ የማይዘመርበት ቤተ ክርስቲያን የለም። እኔም በልጅነቴ ዘምሬዋለሁ። ማን እንዳወጣው ግን የጠየቀ የለም። ካሴትም ላይ ሲዲም ላይ «የድሮ መዝሙር» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ያን ወንበር ላይ ተቀመጡ። እማማ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔንም እንደዚያው።

«ታዱ፣ አንተ ታውቃለህ ይላሉ። የድሮ መዝሙር፣ የድሮ መዝሙር ይላሉ። እኔ አለሁ አይደል? እኔ ድሮ ነኝ?»

«ኧረ እማማ!»

«እንግዲያው ስሜን አስገባልኝ። ሌላ አልፈልግም። ሲከፍቱት 'ባሎቴ' ይበል።»

በቃ፣ ልቤን ወሰዱት። የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት ሊያጅባቸው ተስማማ፤ እኔም የኅብረቱ አባል ነኝ። ቀረጻው አለቀ። መዝሙሩን የጫንኩበትን ፍላሽ የምሸጥበት ወረቀት ላይ፣ ያምር መስሎኝ፣ ባርኮዱን በትልቁ አሳተምኩት። ጦሱን ያመጣው እሱ ነው።

ጋሽ ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰላምታቸው ራሱ ጥያቄና መልስ ነው። ወረቀቱን ይዘው ሱቄ ገቡ።

«ታደለች፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ባርኮድ ነው ጋሼ። የመዝሙሩ መታወቂያ።»

እስክሪብቶ አወጡ። «መጀመሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ቀጭን ሰረዝ። መሀሉ ላይ ሁለት። መጨረሻው ላይ ሁለት። እነዚህ ጥንድ ሰረዞች በቁጥር ሲነበቡ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ? ስድስት! ሦስት ጊዜ ስድስት! የራእይ መጽሐፍን አላነበብሽም?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ማሽኑን 'እዚህ ጀምር፣ እዚህ ጨርስ' የሚለው ምልክት ነው። ስድስት አይደለም፤ አንብቤያለሁ።»

«የት አነበብሽ?»

«ስልኬ ላይ።»

«ጉድ ነው! የተከሰሰው ራሱ ምስክር ሆነ።»

እኔም እልህ ያዘኝ። «ጋሼ፣ እስቲ መጽሐፍ ቅዱስዎን ያውሱኝ» አልኩ። ሰጡኝ። ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋቸው። ባርኮድ! እነዚያው ሰረዞች፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉ፣ ከመጨረሻው። ጋሽ ጳውሎስ መጽሐፉን ወዲያ አዩት፣ ወዲህ አዩት።

«ይህ... ማተሚያ ቤቱ ነው» አሉ። በነጋታው ሳያቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጀርባ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል።

መዝሙሩን ግን አልከለከሉም። «እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጉባኤው ፊት ይከፈታል» አሉኝ። «አንዲት ነገር ከተበላሸች ግን ይወርዳል። የባሎቴም ስም ይወርዳል፤ የእናቶች ኅብረትም ከዚህ ወዲያ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም። ትመሰክሪለታለሽ?»

«እመሰክራለሁ!» አልኩ። አፌን ይዞ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ቅጹ ተመለስኩ። ባርኮዱን ድርጅቱ ራሱ አስቀድሞ ሰጥቶኛል። ቀጥሎ «የቀረጻ ኮድ አለዎት?» የሚል መጣ። እንዴት የለኝም! ቀና ብዬ ከግድግዳዬ ላይ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩት።

መዝሙሩ ዓርብ ወጣ። «ለምን አስቀድመሽ አልሞከርሽውም?» ትሉኝ ይሆናል። ፎቶውንና ስሙን አይቼ በደስታ ለሰው ሁሉ ስደውል ዋልኩ። ድምፁንማ አውቀዋለሁ፣ ቆሜ ያስቀረጽኩት እኔ አይደለሁ?

እሑድ አዳራሹ ሞላ። የእናቶች ኅብረት ነጭ ለብሶ ከፊት ተደረደረ፤ እማማ ባሎቴ ከመሀል። የጋሽ ጳውሎስ ባለቤት እትዬ ማርታም እዚያው ናቸው። ጋሽ ጳውሎስ መድረኩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ጀርባ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ተቀምጠዋል። ስልኬን ከፕሮጀክተሩና ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁ። ግድግዳው ላይ እማማ መጽሐፍ ቅዱስ በደረታቸው አቅፈው ወጡ። ከሥራቸው ስማቸው። እልልታው ቀለጠ።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ጎተት አደረጉኝና «እሱ ጽሑፍ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«ሎኦ» አሉ በወላይትኛ፤ ደግ ነው እንደማለት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ማጫወቻውን ነካሁ።

ዱም! ዱም! ዱም ታካ ዱም!

ከዚያ የወንድ ድምፅ፦ «ሙሽሪት ወገብሽ የዳሞታ ተራራ መንገድ ነው! ይዞራል፣ ይዞራል!»

አሸናፊ! ግድግዳው ላይ እማማ ባሎቴ ከነመጽሐፍ ቅዱሳቸው፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አሸናፊ ከነወገቡ። ስልኩን ነካሁት፤ ቆመ። ተመስገን ብዬ መዝሙሩን እንደገና ብነካ፣ ዱም ታካ ዱም፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ጣቴ በላብ ራሰና ስልኩ አልታዘዝ አለኝ። «ይዞራል፣ ይዞራል!» ሌላ ሲጠፋኝ ገመዱን ልነቅል ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

እዚያ ነው ያየሁት። ጠረጴዛው ሥር፣ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አለ። የግራ እግር ጫማ ነው። ከከበሮው ጋር ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ።

ገመዱን ነቀልኩት። ጫማውም ቆመ።

ስወጣ ግማሹ ሰው ይጸልያል፣ ግማሹ ይገሥጻል። እትዬ ማርታ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ጋሽ ጳውሎስ ተነሡ።

«ታደለች! ምን ብዬሽ ነበር? ሦስት ጊዜ ስድስት አላልኩሽም? ሐሙስ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ማንም እንዳይከፍተው።»

እማማ ባሎቴ አላለቀሱም። በዝግታ ወደ እኔ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስሜ ወረደ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት አሸናፊ ከአረካ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ታዱዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

የሱ ዘፈን ነው። ፎቶው ግን እማማ ባሎቴ ናቸው።

«ቅዳሜ ሠርግ ላይ ዘፈኔን በትልቅ ስክሪን ከፈቱልኝ። ዘልዬ ስገባ ሰዉ በሙሉ ወደ ስክሪኑ እያየ ይስቃል። ሚዜዎቹ 'አሹ፣ መቼ ዳንክ? ሃሌ ሉያ!' አሉኝ። አሁን አረካ ውስጥ ስሜ እማማ ሆኗል! እማማ ናና ዝፈን ይሉኛል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በሞትኩ። አሁን ግን የሁለቱንም ዘፈን መረጃ ጎን ለጎን ከፈትኩ። ባርኮዳቸው የተለያየ ነው። የቀረጻው ኮድ ግን... ቀና ብዬ ግድግዳዬን አየሁ። ወደ ስልኩ ተመለስኩ። እንደገና ግድግዳዬን አየሁ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አሸናፊ።

ያን ግማሹ ላይ ያቆምኩትን የእንግሊዝኛ ገጽ አወጣሁና እስከ ታች አነበብኩት። «ፈጽሞ አትቀይሩት» ከሚለው ሥር፣ እዚያው ሥር፣ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ኮድ የዚህ አንድ ቀረጻ ብቻ ነው፤ ለሌላ ቀረጻ ፈጽሞ አትጠቀሙበት።» አትቀይሩ ያሉት ያው ቀረጻ ወደ ሌላ አልበም ወይም ወደ ሌላ አከፋፋይ ሲሄድ ነው። የቤት ቁጥር አይደለም ጎበዝ፤ የልጅ ስም ነው። ልጁ ቤት ቢቀይር ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ ለታናሹ ግን ሌላ ስም ይወጣለታል። እኔ ሁለቱን ልጆች በአንድ ስም ጠርቼ፣ ኮምፒውተሩ የትኛውን «አቤት» ያሰኝ?

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ረቡዕ መለሱልኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው፣ መዝሙሩ አዲስ ኮድ ተሰጥቶት ይስተካከላል፣ ጥቂት ቀን ይፈጃል።

አሸናፊ መፍትሔ አመጣ። «ፈረንጆቹ ናቸው የተሳሳቱት በያቸው። ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?»

እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በጣም ጣፈጠኝ! «ታዱ ታውቃለች» እንደሆነች ትቀራለች። ግን ሐሳቡን ገልበጥ ሳደርገው፣ ስህተቱ የኢንተርኔቱ ከሆነ ጋሽ ጳውሎስ ልክ ናቸው፤ የማይታመን ነገር ነው፤ ይውረድ። የእማማም ስም አብሮ ይወርዳል። የእሳቸው ስም እንዲቆም የኔ ስም መውደቅ አለበት።

ሐሙስ ላሚኔቱን ከግድግዳ አውርጄ፣ በክንዴ ሥር ይዤ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ አራቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እማማ ባሎቴና እትዬ ማርታ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ናቸው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እርስዎ መምህር ነበሩ። ሁለት ተማሪ በአንድ መለያ ቁጥር ቢፈተን ምን ይሆናል?»

ፊታቸው ወዲያው የመምህር ፊት ሆነ። «ግልጽ ነው። የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ይወጣል። ሰነፉ ያልፋል፣ ጎበዙ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ገጥሞኛል።»

«ጥፋቱ የማን ነው? የቁጥሩ ነው?»

«ቁጥር ምን ያጠፋል! ጥፋቱ የመዝጋቢው ነው። እንዲህ ያለ መዝጋቢ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም።»

ላሚኔቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። «መዝጋቢዋ እኔ ነኝ ጋሼ። ለአሸናፊ የተሰጠውን ለእማማም ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ አንብቤ ነው። ሰይጣንም የለበትም፣ ፈረንጅም የለበትም፤ ታዱ ናት።»

ጋሽ ጳውሎስ ላሚኔቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ሒሳቡ ገብቷቸዋል፤ ደስ አላላቸውም እንጂ።

«ስህተቱስ ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ያ ርኩስ ዘፈን በጉባኤ ፊት ከመዝሙሩ ጋር ተሰምቷል። ሰዉ ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይችልም። እኔ የምለው ለጊዜው...»

«ጳውሎስ» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። እማማ ባሎቴ ናቸው። «ዘፈኑ ርኩስ ነው?»

«እማማ፣ የወገብ ዘፈን እኮ ነው።»

«የማን ወገብ ነው?»

ጋሽ ጳውሎስ ላሚኔቱን ገልብጠው አስቀመጡት።

«ያንን ዘፈን አሸናፊ አላወጣውም። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ በሠርግህ ቀን። ማርታ ከዳሞታ በእግር ስትወርድ፣ መንገዱ ሲዞር አየሁ፣ እሷም ስትዞር አየሁ፣ ዘፈንኩ። አንተ 'ድገሚ' አልክ። ሦስት ጊዜ ድገሚ አልክ። ያን ቀን ርኩስ አላልክም።»

እትዬ ማርታ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ትከሻቸው እንደ እሑዱ ተንቀጠቀጠ። ለካ እሑድም ልቅሶ አልነበረም!

እኔ ደግሞ አፌን መቼ እችልና። «ጋሼ፣ እሑድ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር» አልኩ።

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያስ?»

«ጫማ አየሁ።»

«የትኛውን?»

«ግራውን።»

ሌሎቹ ሦስት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ የጋሽ ጳውሎስን ግራ ጫማ እያዩ ነው። ጋሽ ጳውሎስ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። «የግራ እግሬ ሪህ አለበት» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸው መታገል ጀመረ፣ ታገለ፣ ታገለ፣ ተሸነፈ። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ቢሮው በሙሉ። እትዬ ማርታማ «ሦስት ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው ያስደገማት!» ብለው ነጠላቸውን ጣሉት።

መዝሙሩ እንዲመለስ ተወሰነ። «ይህን ጊዜ ግን ገጹን እስከ መጨረሻው አንብቢ» ተባልኩ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፈረ።

ኮዱ ተስተካከለ። በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ያው አዳራሽ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ሰው። አሸናፊም ከአረካ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። አሁን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው የመጣሁት። ስልኩን ግን እኔ አልነካሁም። የእማማን ጣት ይዤ መጀመሪያ በስማቸው ላይ አሻሸሁት፤ «ይህ 'ባ' ነው፣ ይህ 'ሎ'፣ ይህ 'ቴ'» አልኳቸው። ከዚያ በገዛ ጣታቸው ማጫወቻውን ነኩት። የራሳቸው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሰዉ በአንዴ ብድግ ብሎ አብሮ ዘመረ። እማማ ብቻ አልዘመሩም፤ ግድግዳውን እያዩ ከንፈራቸው «ባ፣ ሎ፣ ቴ» ይላል።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ስንወጣ እማማ አሸናፊን በሩ ላይ ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ ያኛውስ? ያኛው ላይ ማን ይላል?»

አሸናፊ አንገቱን አከከ። «እማማ፣ ከእናቴ ነው የሰማሁት። ቅጹ ላይ የድሮ ዘፈን አስብዬ...»

«አሁንም ድሮ!» አሉ እማማ። «መዝሙሩን ለጌታ ሰጠሁ። ዘፈኑን ለማርታ ሰጠሁ። ለድሮ የሰጠሁት የለም።»

አሸናፊ ወደ እኔ አየ። ሰኞ ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ነበር፤ ዘፋኝ አሸናፊ፣ ደራሲ ባሎቴ። ኮዱ አልተቀየረም፤ ቀረጻው ያው የሱ ነው። ያን የመጀመሪያ እሑድ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩን «ሁለቱን እንዴት አንድ ያደርጋል?» ብዬ ስረግመው ነበር። ለካ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ሴት አፍ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ሳምንት እኔን ሌላ ሰው አድርጎኛል። ላሚኔቱ የተሰቀለበት ቦታ ዛሬ ባዶ ነው፤ ሚስማሩን ለማስታወሻ ትቼዋለሁ። በምትኩ አንድ ትልቅ ደብተር አለኝ። እያንዳንዱ ቀረጻ የየራሱ ኮድ፣ የየራሱ መስመር አለው። ያው ሰው ያንኑ ዘፈን እንደ አዲስ ቢቀርጸው እንኳ ሌላ ኮድ፣ ሌላ መስመር። ከኮዱ ጎን ደግሞ ድርጅቱ ያላዘዘኝን፣ እኔ የጨመርኩትን ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «ማን ነው ያወጣው?» «የድሮ ነው» የሚለኝን ደንበኛ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ «እናትህ ጋ ደውል» እለዋለሁ። ስንት ባሎቴ በየገጠሩ ተቀምጣ፣ የራሷን ዘፈን ከሰው ስልክ እንደምትሰማ ማን ያውቃል? እናንተም ቤት አንዲት አትጠፋም፤ ሳይመሽ ጠይቋት። «ታዱ ታውቃለች» የሚለኝ ሰውም ዛሬ «ታዱ ታነብላችኋለች» ብሎ እንዲያርመው እለምናለሁ።

የጋሽ ጳውሎስ መጽሐፍ ቅዱስ ጀርባም ፕላስተሩ ተነሥቷል፤ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ወስጄ አስነበብኳቸው። እስክሪብቶ ይዘው፣ እንደ ፈተና ወረቀት አርመው፣ ይውጣ ብለው ፈቀዱልኝ። ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእግራቸው ነገር ሲነሣ ሪሁ እንዳይረሳ። ይኸው አልረሳሁም።